ከሰው እጅ የተገዛ የብስክሌት ዕቃ ሲበላሽ ኪሣራው የማን ነው?

ያገለገለ የብስክሌት ዕቃ ንግድ ትልቅ ገበያ ተብሎ አይጠራም። ሱቅ የለው፣ የዋጋ ሰሌዳ የለው፣ ደረሰኝ የለው። አንዱ ቤቱ ተቀምጦ የከረመ ቸርኬ ያወጣል፤ ሌላው ስልክ ደውሎ ይመጣል፤ ደላላ መሐል ይገባል፤ ገንዘቡ በቴሌብር ይተላለፋል፤ ከዚያም ሁሉም በየፊናው ይሄዳል። ነገር የሚመጣው በማግስቱ ነው። ገዢው «ዕቃው ብልሽት አለበት፣ ገንዘቤን መልስ» ይላል። ሻጩ «ዓይተህ፣ ነክተህ፣ ተከራክረህ ገዝተሃል» ብሎ ይመልሳል። ደላላው ደግሞ ኮሚሽኑን ከተቀበለ ወዲህ ስልክ አያነሳም።

ጭቅጭቁ በብር ሲለካ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ብስክሌቱን ለዕለት ሥራው ለሚጠቀም ሰው አንድ ሳምንት መቆም የሳምንት ገቢ ማጣት ነው። የተሰነጠቀ የፊት ሹካ ወይም የማይዝ ፍሬን ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ከገንዘብ አልፎ ወደ ሕይወት ይሄዳል። ከዚህም ሌላ ብዙ ጊዜ የማይታይ ሦስተኛ ተጎጂ አለ፤ እርሱም ደህና ዕቃ ይዞ ገበያ የሚወጣው ሻጭ ነው። የሌሎቹ ጭቅጭቅ የእርሱን ዕቃ ዋጋ ያወርድበታል። እንግዲህ በዚህ ገጽ የምናየው ይህንኑ ነው፤ ከሰው እጅ በሚደረግ ሽያጭ ዋስትና ባይጻፍም፣ የዋስትናው ማጣት ዋጋ አስቀድሞ ከዕቃው ዋጋ ላይ ይቆረጣል።

ገበያው ለምን ሞቀ?

እንደ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና ድሬዳዋ ባሉ ሜዳማ ከተሞች ብስክሌት ለብዙ ዓመታት የሠራተኛውና የተማሪው መጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። በአዲስ አበባም ዳገቱ ቢያስቸግርም፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በተሠሩ መንገዶች ላይ የብስክሌት መስመር ተዘርግቷል። ስለዚህ ፈላጊው አለ።

አቅርቦቱን ያጠበበው የምንዛሪ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀደም ሲል በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብስክሌትም ሆነ መለዋወጫው በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ አዲስ ዕቃ መግዛት የከበደው ሰው ፊቱን ወደ አሮጌው ማዞሩ የሚጠበቅ ነው። በየግቢው ዝጎ የተቀመጠው ብስክሌት እንደገና ዋጋ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ቴላዮው ለአንዱ፣ ቸርኬው ለሌላው፣ ማርሹና ፍሬኑ ለሦስተኛው ተፈታትቶ ይሸጣል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ምናለሽ ተራም ታድሶና ተስተካክሎ ለሚቀርብ አሮጌ ዕቃ የታወቀ ነው። እዚያ ያለው ነጋዴ ነገም በዚያው መደብ ላይ ስለሚገኝ፣ ገዢ ተመልሶ መጥቶ ሊጮህበት ይችላል። ስሙ የገበያው ነው፤ ስሙ ከጠፋ ደንበኛው ይሸሻል። ይህ በራሱ ያልተጻፈ ዋስትና ነው። አንድ ብስክሌት ፈታትቶ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሸጥ ግለሰብ ግን የሚጠብቀው የገበያ ስም የለውም። ነገ ሌላ ቸርኬ አይሸጥም። ስለዚህ የስም ዋስትና በሌለበት ቦታ ሌላ ነገር መተካት አለበት።

«ሃያ ስድስት» ሁሉ አንድ አይደለም

ብዙው ጭቅጭቅ በሌብነት ወይም በተንኮል የሚነሳ ይመስላል። ነገር ግን ዕቃውን ቀርቦ ለመረመረ ሰው፣ የአብዛኛው ክርክር መነሻ በውሉ ጊዜ የተነገረው ቃል ለሁለቱ ወገኖች ሁለት የተለያየ ነገር ማለቱ ነው።

ለምሳሌ ጎማን እንውሰድ። ገዢው «26 ጎማ አለህ ወይ?» ይላል፤ ሻጩ «አለኝ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ይሁን እንጂ 26 በ1.75 ተብሎ የሚጻፈው የባለ ማርሽ ብስክሌት ጎማ በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ስፋት 559 ሚ.ሜ. ሲሆን፣ 26 በ1 ከ3/8 ተብሎ የሚጻፈው ግን 590 ሚ.ሜ. ነው። የ31 ሚ.ሜ. ልዩነት ስላላቸው አንዱ በሌላው ላይ በምንም መንገድ አይገጥምም። በ28ም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። እንደ ቻይናው ፍላይንግ ፒጅን ያሉ ባለ ትልቅ ጎማ ብስክሌቶች የሚጠቀሙበት 28 በ1 ከ1/2 ጎማ 635 ሚ.ሜ. ሲሆን፣ በዘመናዊው ብስክሌት ላይ 700 ተብሎ የሚጠራውና በብዙ አገር «28» የሚባለው ጎማ 622 ሚ.ሜ. ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በጎማው ጎን ላይ 47-559 የሚል ዓይነት ቁጥር ታትሞ ይገኛል። የመጀመሪያው የጎማው ውፍረት፣ ሁለተኛው በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። በገበያ ላይ «26» ብሎ ከመነጋገር ይልቅ ሁለተኛውን ቁጥር ጠርቶ መነጋገር ብዙ ጠብ ያስቀራል። ቁጥሩ ተጠርቶ ሳለ ሌላ ዓይነት ከመጣ ጥፋቱ የሻጩ መሆኑ ግልጽ ነው። ቁጥሩ ካልተጠራ ግን ሁለቱም «እኔ ያልኩት ሌላ፣ አንተ የሰማኸው ሌላ» ሲባባሉ ይመሻል።

ጥፋቱ የዕቃው ነው ወይስ የገጣሚው?

ሁለተኛው የጭቅጭቅ ዓይነት ዕቃው ከተገጠመ በኋላ የሚመጣው ነው። ገዢው አንድ ሰንሰለት ገዝቶ ይሄዳል። በማግስቱ «ሰንሰለቱ ይዘላል፣ የማይረባ ሸጥክልኝ» ብሎ ይመለሳል። እዚህ ላይ ማን ትክክል እንደሆነ ሳይለካ ማወቅ አይቻልም። ደህና ሰንሰለት በተበላ ጥርስ ላይ ሲገጠም መዝለሉ የታወቀ ነው፤ በዚህ ጊዜ በሽታው ያለው በገዢው ብስክሌት ላይ ነው። በተቃራኒው የተሳበ አሮጌ ሰንሰለት ደህና ጥርስ ላይ ቢገጠም ጥርሱን ይበላዋል፤ በዚህ ጊዜ ገዢው የገዛው ጉዳት ነው።

መለኪያው ደግሞ የሁሉም ሰው መሣሪያ የሆነው ማስመሪያ ነው። የብስክሌት ሰንሰለት እያንዳንዱ ክፍል ግማሽ ኢንች ስለሆነ፣ አዲስ ሲሆን 24 ክፍሉ 12 ኢንች ወይም 304.8 ሚ.ሜ. ይሆናል። ይህ ርዝመት በ1.5 ሚ.ሜ. ገደማ ከጨመረ መለወጫው ደርሷል፤ 3 ሚ.ሜ. ገደማ ከጨመረ ግን ከጥርሶቹ ጋር አብሮ ያረጀ ነው ማለት ነው። ማስመሪያ በያዘ ገዢ ፊት «አዲስ ነው፣ ብዙ አልተነዳም» የሚለው አነጋገር ብዙ አይራመድም።

ፔዳልም የራሱ ታሪክ አለው። የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፤ የግራው ግን የተገላቢጦሽ ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። ይህንን የማያውቅ ሰው የግራውን ፔዳል በጉልበት ወደ ቀኝ ሲያስገባ ጥርሱን ይልጠዋል። ከዚያም የተላጠውን ዕቃ ይዞ ሻጩ ቤት ይመጣል። እንዲህ ዓይነቱን ጉዳት ሻጩ መክፈል የለበትም፤ ነገር ግን ዕቃው ሲሰጥ ጥርሱ ደህና እንደነበር የሚያሳይ አንድም ማስረጃ ከሌለው ክርክሩ ቃል በቃል ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛውና አደገኛው ዓይነት የተሸሸገ ጉዳት ነው። የአሉሚኒየም ቴላዮ ወይም መሪ በተደጋጋሚ ጭነት ብዛት ይደክማል፤ ስንጥቁም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው ጎን ወይም መሪው ከሚታሰርበት ሥር ነው። በላዩ ላይ አዲስ ቀለም ከተቀባ አይታይም። ቸርኬም እንዲሁ ነው፤ የፍሬኑ ጎማ ለዓመታት ሲፈጨው ግድግዳው ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ሳስቶ ሳለ ከመነዳሪው በኃይል ከተነፋ ሊሰነጠቅ ይችላል። የማስመሪያ ጠርዝ በግድግዳው ላይ አስጠግቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ጉድጓድ መኖሩን ማየት ይቻላል። ድንገት አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ቴላዮ ያየ ገዢ ደግሞ «ቀለሙ ምን ይሸፍናል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሕጉ ምን ይላል?

በገበያ ላይ የተለመደ አንድ አስተያየት አለ። ይኸውም «ከሱቅ ብትገዛ መብት ነበረህ፤ ከግለሰብ ስለገዛህ ግን የራስህ ጉዳይ ነው» የሚል ነው። በእንግሊዝ አገር ሕግ ይህ አስተያየት ብዙ እውነት አለው። በዚያ አገር ነጋዴ ያልሆነ ግለሰብ የሚሸጠው ዕቃ ከሰጠው መግለጫ ጋር መስማማት ይጠበቅበታል እንጂ፣ የዕቃው ጥራት አጥጋቢ ስለመሆኑ በሕግ የተደነገገው ግዴታ የሚመለከተው በንግድ ሥራ ላይ ያለውን ሻጭ ነው።

የእኛ ሕግ ግን ከዚህ ይለያል። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣውና ረቂቁን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጁት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ሻጩ ነጋዴ ነው ወይስ ግለሰብ ብሎ አይለይም። ቸርኬ ከጎረቤቱ የገዛም ሰው በመርህ ደረጃ በዚህ ዋስትና ሥር ነው።

ይሁን እንጂ ዋስትናው ወሰን አለው። ገዢው በውሉ ጊዜ የሚያውቀው ጉድለት፣ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካላደረገ በቀር ሊያመልጠው የማይችል ግልጽ ጉድለት ሻጩን አያስጠይቅም። የተጣመመ ቸርኬ በዓይኑ እያየ የገዛ ሰው በኋላ «ተጣሞ ነበር» ቢል አይደመጥም። በሌላ በኩል ገዢው ዕቃውን እንደተመቸው ወዲያው መመርመርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ሦስት ወር ነድቶ፣ ሲሰበር «ከመጀመሪያውም ደህና አልነበረም» ማለት መብቱን ያዳክመዋል። ክስ የሚያቀርብ ከሆነም በአንቀጽ 2298 መሠረት ጉድለቱን ካስታወቀበት ጊዜ አንስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ መሆን አለበት።

ሻጩም ቢሆን መከላከያ አለው። ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ዋስትናውን ማጥበብ ወይም ማስቀረት ይችላሉ። «እንዳለ ነው የምሸጠው፣ ነገ እንዳትመጣብኝ» የሚል ስምምነት ሕገ ወጥ አይደለም። ነገር ግን ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀው ይህ ስምምነት አያድነውም። ስንጥቅ ላይ ቀለም ቀብቶ «እንዳለ» ብሎ መሸጥ ማለት ይኸው ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ለሸማቹ ጉድለት ያለበትን ዕቃ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ይሁንና አዋጁ ያነጣጠረው በነጋዴው ላይ ነው። «ሸማች» የሚለውም ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው እንጂ መልሶ ለመሸጥ የሚገዛውን አይደለም። ስለዚህ ከግለሰብ ገዝቶ ለሌላ የሚሸጥ ብስክሌት ጠጋኝ በዚህ አዋጅ ሳይሆን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ላይ ነው መደገፍ ያለበት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር። ሻጩ ዕቃው የራሱ ስለመሆኑ መጠየቅ ነውር አይደለም። በብዙ ብስክሌቶች ላይ ፔዳሉ ከሚዞርበት የመሐል ኩሽኔታ በታች፣ በቴላዮው ላይ የተቀረጸ መለያ ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር ተፍቆ ከተገኘ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መተው ይሻላል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛ ሰው በወንጀል እስከ መጠየቅ ይደርሳልና።

ክስ የማያዋጣበት ሒሳብ

መብት አለ ማለት ግን መብቱን ማስከበር ያዋጣል ማለት አይደለም። ለስሌት ያህል አንድ ገዢ 3,000 ብር የከፈለበት ዕቃ ጉድለት ተገኘበት እንበል። ገዢው በቀን 600 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ ቢሆንና ለአቤቱታ፣ ለቀጠሮና ለምስክር ማቅረብ አምስት ቀን ሥራ ቢፈታ፣ የዕቃውን ሙሉ ዋጋ በጊዜው ብቻ አጥቶታል። የዳኝነት ክፍያ፣ የማመልከቻ ጽሕፈትና የትራንስፖርት ወጪ ሲጨመርበት ቢያሸንፍም ከሳሪ ነው።

ለትንንሽ ክርክር ቀለል ያለ መንገድ እንዲኖር አስቀድሞ ታስቦ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ቻርተር አዋጅ ቁጥር 361 ለቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች እስከ 5,000 ብር የሚደርስ የንብረትና የገንዘብ ክርክር የማየት ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ 5,000 ብር ብዙ ዕቃ የሚገዛ ገንዘብ ነበር። የብር የመግዛት አቅም ከዚያ ወዲህ የደረሰበትን የሚያውቅ ነጋዴ፣ በብር መጠን የሚወሰን ሥልጣን ዋጋ በጨመረ ቁጥር እየጠበበ እንደሚሄድ ለመረዳት አስረጂ አያስፈልገውም።

ፖሊስ ዘንድ መሮጥም ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። ሻጩ እያወቀ በሐሰት ካላታለለ በቀር ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ክርክር ነው፤ ዕቃው መበላሸቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ስለዚህ በተግባር የሚቀረው ሽምግልና ነው። ሽምግልናም ቢሆን የሚጨበጥ ነገር ይፈልጋል። ምን እንደተባለ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ሽማግሌ የሚያደርገው ኪሣራውን ለሁለት መክፈል ነው። ይህም ጥፋት የሌለበትን ሰው ግማሽ ያስከፍለዋል።

የደህናው ዕቃ ባለቤት ለምን ይከስራል?

የኢኮኖሚክስ ምሁሩ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ ችግር በአሮጌ መኪና ገበያ አስረድተዋል። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ሐሳቡን ወደ እኛ ቸርኬ እናምጣው።

አሥር ቸርኬ ለሽያጭ ቀረበ እንበል። አምስቱ ደህና ናቸው፤ ለገዢ እያንዳንዳቸው 4,000 ብር ያወጣሉ። አምስቱ የሳሱ ናቸው፤ ከ1,000 ብር በላይ አያወጡም። ሻጮቹ የትኛው የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ፤ ገዢው ግን አያውቅም። አስተዋይ ገዢ መሐል ቤቱን ይዞ 2,500 ብር ይሰጣል። በዚህ ዋጋ የሳሳውን የያዘ ሻጭ እየሳቀ ይሸጣል። ደህናውን የያዘ ግን «በዚህ ዋጋስ ቤቴ ይቀመጥ» ብሎ ይመለሳል። ደህናዎቹ ሲወጡ ገበያው ላይ የሚቀረው የሳሳው ብቻ ነው፤ ገዢም ይህን ሲረዳ ዋጋውን ወደ 1,000 ብር ያወርዳል። እንግዲህ ደህና ዕቃ ገበያ ላይ ጠፋ የሚባለው ስለሌለ ሳይሆን፣ ደህና መሆኑን ማስረዳት የሚችልበት መንገድ ስለሌለ ነው።

ከዚህ ስሌት የምንረዳው ዋስትና ለገዢ የሚሰጥ ቸርነት አለመሆኑን ነው። ደህና ቸርኬ የያዘ ሻጭ «በአምስት ቀን ውስጥ ጉድለት ብታገኝበት መልስልኝ» ብሎ ቢጽፍ የሚያጣው ነገር ትንሽ ነው፤ ዕቃው አይመለስምና። የሳሳ የያዘው ግን ይህን ለመጻፍ ይፈራል፤ ዕቃው ይመለስበታልና። ስለዚህ ለመጻፍ ፈቃደኛ መሆን ራሱ የዕቃውን ደህንነት ይናገራል። ገዢውም ለዚህ ከ2,500 ብር በላይ ለመክፈል ምክንያት ያገኛል።

ግማሽ ገጽ ወረቀት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለርስትና ለቤት ብቻ አይደለም። ለአሮጌ የብስክሌት ዕቃ የሚያስፈልገው ግማሽ ገጽ ወረቀት ነው። በላዩ ላይ መስፈር ያለበትም ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ የሻጩና የገዢው ስም፣ የመታወቂያና የስልክ ቁጥር፣ ቀኑና የተከፈለው ገንዘብ። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ከሆነ የክፍያው ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ላይ የዕቃውን ስም መጻፍ ይጠቅማል። «ለቸርኬ» የምትል አንዲት ቃል በኋላ ብዙ ክርክር ትቆርጣለች።

ሁለተኛ፣ ዕቃው በመለኪያው ይገለጽ። ለጎማና ለቸርኬ 559 ወይም 622 የሚለው ቁጥር፣ ለሰንሰለት የ24 ክፍል ርዝመት፣ ለቴላዮ የተቀረጸው መለያ ቁጥር። «ጥሩ ነው»፣ «ብዙ አልተነዳም» የሚሉ ቃላት ለሽማግሌም ለዳኛም አይለኩም።

ሦስተኛ፣ የታወቀ ጉድለት ካለ ይጻፍ። ይህ ሻጩን ይጠቅመዋል፤ ገዢው አውቆት የገዛውን ጉድለት መልሶ ሊያነሳበት አይችልም።

አራተኛ፣ የመሞከሪያ ቀን ይወሰን። ሦስት ወይም አምስት ቀን ይበቃል። በእነዚህ ቀናት ዕቃው ከተመለሰ ገንዘቡ ሙሉ ይመለሳል ወይስ የተወሰነ ይቀነሳል የሚለውም አብሮ ይጻፍ። አስፈላጊ ከሆነም የገንዘቡ የተወሰነ ክፍል ቀብድ ሆኖ ይከፈልና ቀሪው ከሙከራው በኋላ ይሰጥ።

አምስተኛ፣ ማን ይገጥመዋል የሚለው ይወሰን። ሁለቱ ወገኖች በሚያምኑት አንድ ጠጋኝ ፊት ቢገጠም ጉዳቱ የዕቃው ነው ወይስ የመግጠም የሚለው ጥያቄ እዚያው ይዘጋል። ካልሆነም በርክክቡ ጊዜ ዕቃውን በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ በተለይም ጥርሱን፣ ብየዳውንና የፍሬን ማረፊያውን ማንሳት ምንም ወጪ የለውም።

ይህ ሁሉ ለአንድ ቸርኬ ይበዛል የሚል ይኖራል። ነገር ግን ወረቀቱን ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ በዋጋ ላይ ለመከራከር ከሚፈጀው አይበልጥም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ብሂል ለዚሁ የተባለ ይመስላል።

ለደላላውና ለባለ ገንዘቡ

በአሁኑ አሠራር ደላላው የሚከፈለው ሻጭና ገዢን ስላገናኘ ነው። ስልክ በእያንዳንዱ ሰው እጅ በገባበት ዘመን ግን ማገናኘት ብቻውን እየረከሰ የሚሄድ አገልግሎት ነው። የማይረክሰው ማረጋገጥ ነው። ማስመሪያና የመፍቻ ስብስብ ይዞ ዕቃውን መርምሮ ወረቀቱን የሚያስፈርም ደላላ፣ ኮሚሽኑን ከሁለቱም ወገን ቢጠይቅ የሚያስቆጣ አይሆንም። የሙከራው ቀን እስኪያልፍ የኮሚሽኑን ከፊል ይዞ ለመቆየት ከተስማማ ደግሞ ሰዎች እርሱን ፈልገው ይመጣሉ።

አነስተኛ ካፒታል ይዞ ሥራ ለሚፈልግም ሰው እዚህ ቦታ አለ። ወደ አሥሩ ቸርኬ እንመለስ። አንድ ጥገና ቤት አሥሩንም ሳይመረምር በ2,500 ብር ቢሰበስብ 25,000 ብር ያወጣል። ደህናዎቹን አምስት በ3,800 ብር፣ የሳሱትን በ1,000 ብር ቢሸጥ የሚያገኘው 24,000 ብር ነው። የሠራተኛ ደመወዝና የቤት ኪራይ ሳይነሳ 1,000 ብር ከሰረ ማለት ነው። ከመግዛቱ በፊት መርምሮ ደህናዎቹን አምስት ብቻ እያንዳንዳቸውን በ3,200 ብር ቢገዛ ግን 16,000 ብር አውጥቶ፣ በጽሑፍ ዋስትና በ3,800 ብር ሲሸጥ 19,000 ብር ያገኛል። የ3,000 ብር ልዩነት ይኖረዋል። የደህናው ዕቃ ባለቤትም ከ2,500 ብሩ 700 ብር የሚበልጥ ዋጋ አገኘ፤ ገዢውም 4,000 ብር የሚያወጣለትን ዕቃ በ3,800 ብር ከነዋስትናው ወሰደ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ቢሆኑም የሚያሳዩት ነገር ግልጽ ነው፤ በዚህ ሥራ ትርፉ የሚገኘው በመሸጫው ጊዜ ሳይሆን በመግዣው ጊዜ፣ በምርመራው ላይ ነው።

ከሰው እጅ የሚገዛ ሰው ለጊዜው ይህን አገልግሎት ላያገኝ ይችላል። እስከዚያው ግን አንድ መመሪያ ይበቃዋል። ሻጩን ስለ ዋጋው ከመከራከሩ በፊት «አምስት ቀን ልሞክረውና ጉድለት ካለው ትመልስልኛለህ፤ ይህንንስ ትጽፍልኛለህ?» ብሎ ይጠይቀው። እሺ ያለው ሻጭ ትንሽ ጨምሮ ቢጠይቅ መክፈሉ ያዋጣል። እምቢ ያለው ደግሞ ስለ ዕቃው የሚያውቀውን ነግሮታል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ማውረድ ወይም ትቶ መሄድ የገዢው ፋንታ ነው።